ያልደረስሽበትን ቀበሌ አትሙዪው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከመንዝ የመጣ ነው። ረዘም ይላል። ሰው የሚለይበትን ነገር አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የእንስሳት ባለሙያ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን አምና ጨረስኩ። መመረቂያ ጽሑፌ ገበሬው ለዘር የሚያስቀረውን አውራ በግ በምን እንደሚመርጥ ነው። በሦስት ቀበሌ 120 አባወራና እማወራ ለመጠየቅ አቅጄ 102 ላይ ቆምኩ። ወደ ጓሳ ጥግ ባለው ቀበሌ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶ 18 ቤት ቀረ። መመረቂያዬ ላይ እውነቱን 102 ብዬ አቀረብኩ፤ አለፈልኝ።

«አሁን አማካሪዬ ሥራው ፐብሊሽ ይደረግ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። በቴሌግራም የላኩልኝን ረቂቅ ስከፍት ግን የእሳቸው ስም መጀመሪያ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለተኛ፣ የማላውቀው ሰው ሦስተኛ፣ እኔ አራተኛ ነኝ። የናሙናው ቁጥርም 120 ሆኗል። ስጠይቃቸው ‹18ቱን ከሌሎቹ አይተሽ ሙዪው፤ ገምጋሚ እንዳያስቸግረን ነው› አሉኝ። ጆርናሉ በአራት ቀን ‹ተቀብለናል› ብሎ 150 ዶላር ጠየቀ። ግማሹን አንቺ ክፈይ ተብያለሁ።

«ለማዕረግ የሚያስገቡት ጽሑፍ ስለጎደላቸው ቸኩለዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ረቂቄን መስመር በመስመር ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው። መስክ ወጥቼ ገንዘብ ሲያልቅብኝም ከኪሳቸው ሰጥተውኛል። ይሉኝታ ይዞኝ እስካሁን ‹እሺ› ብቻ እያልኩ ነው። ሌላው፣ ጽሑፉ ላይ የአንድ አባት ፎቶ ከነአውራቸው አለ። ችግር አለው? እንግሊዝኛውንም በቻትጂፒቲ ነው ያረምኩት። ይምከሩኝ።»

እኅቴ፣ 18ቱን ቤት አትሙዪ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ድርድር የሌለው ይሄ ነው። የስሙ ቅደም ተከተል መነጋገሪያ አለው። ጆርናሉም መውጫ አለው። ያልጠየቅሻቸውን ሰዎች መልስ ራስሽ ጽፈሽ ካስገባሽ ግን ጽሑፉ ላይ ያለው እያንዳንዱ መቶኛ ውሸት ይሆናል። በእግርሽ ዞረሽ ያመጣሻቸው 102 እውነተኛ መልሶችም አብረው ይበላሻሉ።

«ከሌሎቹ አይተሽ ሙዪ» የሚለውን እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የጓሳ ጥግ ገበሬ እኮ የግጦሽ ነገሩ ሌላ ነው። ጓሳ የሚባለውን የጋራ ግጦሽ ሣር ቄሮ በሚሉት የአካባቢው ነባር የጥበቃ ሥርዓት እየዘጋ፣ እየከፈተ ለትውልድ ያቆየ ሕዝብ ነው። በጉን የሚያሰማራበት ቦታ፣ የሚሰጋው አውሬ፣ በክረምት የሚያልፍበት ችግር ከሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች ጋር ላይገጥም ይችላል። አውራ የሚመርጥበት ምክንያትም እንደዚያው። የሌላውን መልስ ገልብጠሽ በእሱ ስም ስታስገቢ ያልተናገረውን አናገርሽው ማለት ነው። ምናልባት ከጥናትሽ ሁሉ አዲሱ ነገር ያለው እዚያ ቀበሌ ውስጥ ነበር። በፈጠራ ከሞላሽው ግን ማንም ተመልሶ አይሄድበትም። ተጠንቷል ይባላላ!

ደግሞ ጽሑፍሽን የሚያነብ የለም ብለሽ እንዳታስቢ። መንዝ ውስጥ በማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተሠርቷል። ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ የገቡበት ሥራ ነው። አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። የዚያ ሥራ መነሻው ገበሬውን መጠየቅ ነው። የትኛውን አውራ ታስቀራለህ? በቀለሙ ነው? በጅራቱ ነው? በቁመናው ነው? ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት አዋሲ ከሚባል ከውጭ የመጣ የበግ ዝርያ የተዳቀለ አውራ ከደብረ ብርሃን እየተባዛ ለገበሬው ይከፋፈል ነበር። ገበሬው የሚፈልገውን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የዚህ አካባቢ ሰው አይጠፋውም። ነገ አንድ የእርባታ ባለሙያ የአንቺን ሠንጠረዥ አይቶ «እዚህ አካባቢ መጀመሪያ የሚታየው ቀለም ነው» ብሎ ሊወስን ይችላል። በ102 ሰው መካከል 18 የፈጠራ ድምፅ ሲጨመር አንደኛውን ሁለተኛ ለማድረግ ይበቃል።

ለመሆኑ ገምጋሚ ያስቸግራል የተባለው እውነት ነው? እኔ ለዓመታት በጆርናል አርታኢነት ሠርቻለሁ። ከታቀደው 85 በመቶው ብቻ ተጠየቀ ተብሎ ጽሑፍ ሲመለስ አላየሁም። ገምጋሚን የሚያስቸግረው ያልተብራራ ቁጥር ነው። የጥናቱ ዘዴ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ለጥናቱ 120 አባወራና እማወራ ታቅደው 102 ተጠይቀዋል። በአንደኛው ቀበሌ 18 ቤቶች በጸጥታ ምክንያት መንገድ በመዘጋቱ አልተጠየቁም። በመሆኑም ውጤቱ የዚያን ቀበሌ ሁኔታ በሙሉ ላያሳይ ይችላል።» በቃ። ይሄ የሚያሳፍር አይደለም። እንዲያውም አንባቢ «ይቺ ልጅ ያየችውን ነው የጻፈችው» ብሎ ሌላውንም ያምንሻል። በሌላ በኩል መመረቂያሽ 102 ይላል። በዩኒቨርሲቲው ተቀምጧል። ጆርናሉ ላይ 120 ቢል ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ምን ብለሽ ልትመልሺ ነው?

ዲደሪክ ስታፕል የሚባል የኔዘርላንድ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር። በቲልቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዲን እስከመሆን የደረሰ፣ ስሙ የተጠራ ሰው። መጠይቅ አስሞላሁ እያለ መልሱን ራሱ ይፈጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ተጋለጠ። 58 ጽሑፎቹ ተሽረዋል። ያጋለጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። በዕድሜም በማዕረግም ከእሱ በታች የነበሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የተማሪዎቹ ነገር ነው። እሱ የሰጣቸውን መረጃ አምነው የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩ ነበሩ። ምንም ሳያጠፉ የዓመታት ልፋታቸው ገደል ገባ። እነሱ ሳያውቁ ነው። አንቺ ግን አውቀሻል።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። ጽሑፍ ላይ ስም ማስፈር ዋስ መሆን ነው። ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ሲበላሽ «እኔ አላውቅም» ማለት አይችልም። ሦስተኛው ሰውዬ ስለዚያ ጥናት ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ? የትኛው ቀበሌ እንደቀረ ያውቃሉ? የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መመዘኛ አለ። ከሕክምና ውጭ ያሉ ብዙ ጆርናሎችም ይጠቀሙበታል። ደራሲ ለመባል ጥናቱን በመንደፍ፣ መረጃ በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ላይ ትልቅ ድርሻ ማበርከት ያስፈልጋል። ጽሑፉን መጻፍ ወይም ጠለቅ ብሎ ማረምም አለበት። የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው በሙሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማትም ግድ ነው። አንዱን ማሟላት አይበቃም፤ አራቱም አንድ ላይ ነው የሚፈለጉት።

በዚህ ሚዛን አማካሪሽ ደራሲ ናቸው። ረቂቁን መስመር በመስመር ያረመ ሰው ስሙ ይገባዋል፤ ይሄን አትንፈጊያቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ ፈርመው፣ መኪና አስፈቅደው ከሆነ ምስጋና ላይ ስማቸው ይጠቀስ። ኃላፊ መሆን ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ሦስተኛውን ሰው ግን ሳትጠይቂ አትፍረጂባቸው። ምናልባት የስታቲስቲክሱን ሥራ ያገዙ ናቸው። «እሳቸው የሠሩት የትኛውን ክፍል ነው? ድርሻ የሚሞላበት ላይ ልጻፍላቸው» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጆርናሎች ዛሬ የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ በ14 ዓይነት ሥራ ከፋፍለው ያስሞላሉ። ጥያቄሽ ከዚያ የመጣ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ፣ ከተማሪ መመረቂያ የወጣ ጽሑፍ ላይ ተማሪው መጀመሪያ መሆኑ በአብዛኛው የተለመደ ነው። አማካሪ መጨረሻ ላይ ይሆናል። በብዙ የሳይንስ ዘርፍ የመጨረሻው ቦታ ሥራውን የመራው ሰው ቦታ ተደርጎ ስለሚታይ ውርደት የለውም። ሦስት ቀበሌ የዞርሽው፣ የመጠይቁን ወረቀት የተሸከምሽው፣ ዳታውን ቁጭ ብለሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። አራተኛነት አይገባሽም። ይሄን የምለው ስምሽ እንዲገን ብዬ ብቻ አይደለም። ስለ መስኩ ጥያቄ ቢመጣ መመለስ የምትችዪው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው።

የሌለን ስም ማስገባት እኛ ዘንድ እንደ ውለታ ነው የሚታየው። ዛሬ አስገባሃለሁ፣ ነገ ታስገባኛለህ። አላስገባም ያለ ሰው ደግሞ «ምቀኛ» ይባላል። የሚጎዳው ግን ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ በእውነት የሚሠራው መምህር ነው። በሦስት ዓመት አንድ ጥሩ ጽሑፍ ያወጣና፣ በአንድ ዓመት ስድስት ጽሑፍ ላይ ስሙን ያስለጠፈ ሰው በማዕረግ ይቀድመዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ስለ እነሱ ሳስብ ያመኛል።

ጆርናሉስ? በአራት ቀን ተቀብለናል ያለ ጆርናል ጽሑፍሽን አላነበበም። እውነተኛ ግምገማ ማለት ሁለት ሦስት የሙያው ሰዎች በየራሳቸው ጊዜ አንብበው፣ ጥያቄ ጽፈው፣ አንቺም አስተካክለሽ መልሰሽ መላክ ነው። ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የተሞላ የፈጠራ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት! ውጤቱን ሳይንስ የተባለው ጆርናል አወጣው። ያንቺ 150 ዶላር የሚሄደው ወደዚያ ዓይነት ቦታ ይመስለኛል።

ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ጥፋት አይደለም። አንባቢ በነፃ እንዲያነብ ከጸሐፊው የሚያስከፍሉ ጥሩ ጆርናሎች ሞልተዋል። ግን ስሚኝ፣ ሪሰርችፎርላይፍ የሚባል፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች የምርምር ጽሑፍ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ በእሱ ምድብ ኤ ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ለዚህ ምድብ ጸሐፊዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። ጽሑፍ ስታስገቢ መጠየቅ ብቻ ነው። ይሄን የማያውቁ ስንት ልጆች ከዘመድ ዶላር ሲለምኑ ይከርማሉ። የአገር ውስጥም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር መዝኖ እውቅና የሰጣቸው ጆርናሎች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለማዕረግ ሲቆጥሩ የሚያዩት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይም ብዙ የኢትዮጵያ ጆርናሎች ታገኛለሽ። ዶአጅ የሚባለው የነፃ ጆርናሎች ማውጫ ላይም ፈልጊ። አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥር ስላለው ብቻ አትመኚው። እሱ መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። ከአርታኢዎቹ ስም አንዱን መርጠሽ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ጻፊለት። «የዚህ ጆርናል አርታኢ ነዎት ወይ?» በይው። ስማቸው ያለፈቃዳቸው የተለጠፈ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ገንዘብ ካልተከፈለ፣ የቅጂ መብት ማስተላለፊያም ካልተፈረመ አሁኑኑ ውጡ። አንድ አጭር ኢሜይል ይበቃል፤ «ጽሑፋችንን አውጥተናል፣ እንዳታትሙት» የሚል፣ ቀን ያለው። ማስወጫ ክፈሉ ቢሉ አትክፈሉ። ኢሜይሉን አስቀምጪ። አንድን ጽሑፍ ሁለት ጆርናል ላይ በአንድ ጊዜ ማስገባት ክልክል ስለሆነ፣ ቀጥሎ ለሚሄድበት ጆርናል አርታኢ የሆነውን ሳትደብቂ ጻፊና ያንን ኢሜይል አያይዢለት። አርታኢ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ይረዳል። እዚያ አንዴ ከታተመ ግን ሌላ ጥሩ ጆርናል አይወስደውም፤ የታተመ ነው ይልሻል። ሥራሽ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ከሁሉም የከበደሽ ግን ይሄ አይመስለኝም። ይሉኝታው ነው። ከኪሳቸው አውጥተው የሰጡሽን ሰው «አይሆንም» ማለት። ይገባኛል። አየሽ፣ የተበደርሽው ገንዘብ ከሆነ በገንዘብ መልሺው። ምክራቸው ከሆነ በምስጋናና በደራሲነት ቦታቸው ይከፈላል። 18 የፈጠራ ቤት የውለታ መክፈያ አይሆንም። እንዲያውም ነገሩ ቢወጣ ካንቺ በላይ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው፤ ማዕረጋቸው ያለው እዚያ ላይ ነው።

«እሺ» ማለትሽን ዛሬ አቁሚ። ዝም ካልሽም እንደተስማማሽ ነው የሚቆጠረው። ብትችዪ ሄደሽ በአካል አነጋግሪያቸው፤ ሰው ባለበት ሳይሆን ለብቻቸው። ከዚያ በፊት ግን በጽሑፍ ላኪላቸው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ረቂቁን ደጋግሜ አየሁት። እዚህ እንድደርስ ላደረጉልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። የናሙናው ቁጥር መመረቂያዬ ላይ እንዳለው 102 እንዲሆን እለምንዎታለሁ፤ ያልጠየቅኋቸውን ሰዎች መልስ መሙላት አልችልም። ጽሑፉ ከመመረቂያዬ የወጣ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ፣ እርስዎ በአማካሪነት መጨረሻ ብንሆን ደስ ይለኛል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ በምስጋናው ላይ እናንሣቸው። ሦስተኛው ሰው የሠሩትን ቢነግሩኝ በድርሻቸው ልጻፍላቸው። ይሄኛው ጆርናል ለማዕረግዎ ላይቆጠር ይችላል ብዬ ሰግቻለሁ። እውቅና ያለው ሌላ መርጬ፣ በእሱ አጻጻፍ አስተካክዬ በሁለት ሳምንት ላደርስልዎ እችላለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ሰውዬው ቸኩለዋል። የቸኮለን ሰው መንገድ ዘግቶ መቆም ሳይሆን ሌላ መንገድ ማሳየት ነው የሚሻለው። የሁለት ሳምንቱን ሥራ ግን በቃልሽ አድርሺ።

ቢቆጡስ? ሊቆጡ ይችላሉ። ለዶክትሬት ስታመለክቺ የድጋፍ ደብዳቤ ሊከለክሉሽም ይችላሉ። አይደርስብሽም ብዬ አላታልልሽም። ሌላ የሚያውቅሽ መምህር፣ ረዳት አማካሪ ወይም መመረቂያ ጽሑፍሽን ያቀረብሽ ዕለት የፈተነሽ ሰው ካለ ከአሁኑ ቅረቢው። የመጠይቁን ወረቀቶች አንድም ሳትጥዪ አስቀምጪ። ፎቶ አንሥተሽም በሌላ ቦታ ያዢ። እምቢ ብለው ያላንቺ ፈቃድ ቢያስገቡት ደግሞ በቀጥታ ለጆርናሉ አርታኢ ጻፊ። ከደራሲዎቹ አንዱ ያልተስማማበትን ጽሑፍ ደህና ጆርናል አያትምም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ኮፕ የሚባለው የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ለአርታኢዎች መመሪያ አለው። በደራሲነት ክርክር አርታኢው ራሱ አይፈርድም፤ ጉዳዩን ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው የሚመራው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ጽሕፈት ቤት የት እንደሆነ እወቂ። እዚያ የምትሄጂው ግን በአካል ተነጋግራችሁ ካልሆነ ብቻ ነው።

ቻትጂፒቲውን አትፍሪው። እንግሊዝኛ ለማረም ከሆነ የተጠቀምሽበት፣ ጆርናሉ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ አንድ መስመር ጻፊ። በደራሲነት ግን አይጠቀስም፤ ኮፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ይሄን ግልጽ አድርጎታል። ተጠያቂ መሆን የማይችል ነገር ደራሲ አይሆንም። የጠቀሳቸው ማጣቀሻዎች ካሉ አንድ በአንድ ከፍተሽ እያቸው፤ የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራል።

የአባትየው ፎቶ ችግር አለው። መጠይቅ ለመመለስ እሺ ማለት ፎቶዬ ዓለም ይየው ማለት አይደለም። ጆርናል በኢንተርኔት ነው የሚወጣው፤ ከወጣ አይመለስም። ዘመኑም የጸጥታ ችግር ያለበት ነው። የቀበሌው ስም ከላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ አንድ ሽማግሌ የሚያምር አውራ ይዘው ሲታዩ የበጉን ቤት ለማያውቀው ሁሉ ማሳየት ነው። ፎቶውን በስልክሽ ይዘሽ ሂጂ። የት እንደሚወጣ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ንገሪያቸው። ልጆቻቸውም ቢሰሙ ጥሩ ነው። እሺ ካሉ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ አስደግፊው፤ ቅር ካላቸው ተዪው። መሄድ ካልተመቸሽ ደግሞ ሰውዬውን ቆርጠሽ አውራውን ብቻ አስገቢ። ቀንዱ፣ ጅራቱና ቀለሙ ከታየ ለጽሑፍሽ ይበቃል።